የሲስተር ተሻለች ምላስ

ሲስተር ተሻለች በእጇ የምታድን፣ በምላሷ የምታቆስል ሴት ነበረች። ይህን የሚክድ ሰው ናዝሬት ውስጥ ከተገኘ እሷው ራሷ ብቻ ናት። እጇን ማንም አያማትም። ተጣሞ የመጣ ሕፃን አቃንታ ታወጣለች፤ እትብቱ አንገቱ ላይ የተጠመጠመበትን ከሞት አፍ ትመልሳለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እጇ ላይ የሞቱት እናቶች አራት ብቻ ሲሆኑ አራቱንም እስከነአባታቸው ስም ታስታውሳቸዋለች።

ምላሷ ግን አያድርስ ነው! ምጥ የያዛት ሴት አልጋው ላይ ሆና «ወይኔ እናቴ» ካለች፣ «ስትፀንሺው እናትሽን ጠርተሽ ነበር?» ትላታለች። «ማርያም ማርያም» የምትለዋን፣ «ማርያም ዛሬ ተረኛ አይደለችም፣ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ግፊ!» ብላ ትጮህባታለች። አፍራ እግሯን የገጠመችውን ደግሞ ጭኗን በጥፊ ታጮለዋለች። ከዚያ ልጁ በሰላም ይወለዳል፣ እናትየው ትተርፋለች፣ ሲስተር ተሻለችም እጇን ታጥባ «ሲሰደቡ ይበረታሉ» ትላለች። ሥራዬን ጨርሻለሁ ባይ ናት።

ሴቶቹ አልበረቱም፤ ቀሩ። በሰባ ስምንት ዓ.ም. እናቶች ሁሉ በጤና ተቋም ይውለዱ የሚል መመሪያ ከላይ ሲወርድ፣ የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ባዶ አልጋ ተደርድሮበት ዝንብ ይጠብቅ ነበር። የቀበሌው ሴቶች ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳሉት ወደ እማማ ጉዲቱ ይሄዳሉ። እማማ ጉዲቱ አይሳደቡም፤ ወገብ ያሻሉ፣ ቅቤ ይቀባሉ፣ አብረው ያምጣሉ። ደም ሲፈስ ግን ማቆም አይችሉም። በዚያ ዓመት ክረምት አንዲት ወላድ ቤታቸው ውስጥ ደሟ ፈስሶ አልቆ ሞታለች።

ሲስተር ተሻለች ይህን ሰምታ ደሟ ፈላ። ለቀበሌው ደብዳቤ ጻፈች፤ «ጉዲቱ የተባለች ግለሰብ ያለ ትምህርት በማዋለድ የእናቶችን ሕይወት እያጠፋች ስለሆነ እርምጃ ይወሰድልኝ» የሚል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገሠሠ ሰው ለማሰር ምክንያት ሲያገኝ ቀኑ የሚበራለት ሰው ነበርና እኚያን የስድሳ አምስት ዓመት አሮጊት ሦስት ቀን ቀበሌ እስር ቤት አስተኛቸው። ሲስተር ተሻለች በደብዳቤዋ ውስጥ ያልጻፈችው አንድ ነገር ነበር። እማማ ጉዲቱ የአማቿ የመርዳሳ አክስት ናቸው፤ እናቱ ሞታ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። የሲስተር ተሻለች አንድያ ልጅ ሸዋወርቅ የዘጠኝ ወር እርጉዝ ነበረች። አባቷ ዘገዬ ገና በስድስት ዓመቷ ስለሞተ እናትም አባትም ሆና ያሳደገቻት ተሻለች ናት። ሸዋወርቅ የምድር ባቡር ሠራተኛውን መርዳሳን ያገባችው ባለፈው ዓመት ነው፤ ይህ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ተሻለች ልትጠይቃት ሄዳ እግሯን አየች። አብጧል። አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጭና ስታነሳው ጎድጓዳው እዚያው ቀረ። ፊቷም ልክ አልነበረም። ሲስተር ተሻለች ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከአራቱ እናቶች ሁለቱን የገደላቸው ይኸው ነው።

«ነገ ጤና ጣቢያ ትመጫለሽ» አለቻት።

«አልመጣም።»

«ግፊትሽን እለካዋለሁ፣ ሽንትሽን አያለሁ፣ እዚያው እኔ አዋልድሻለሁ።»

«አልመጣም አልኩሽ እማዬ። አንቺ ጋ አልወልድም።»

ለምን ብትባል አልተናገረችም። ሲስተር ተሻለች ግን መልሱን በራሷ ፈጠረችው። ይህ የመርዳሳ አክስት ሥራ ነው፣ ልጄን አፍዝዘውብኛል አለች። ስለዚህ ጓድ ገሠሠን ስብሰባ ጥራልኝ ብላ ወተወተችው። መሃይምነትን በአደባባይ አዋርዳ ልጇን ከዚያ መሃል ይዛ ልትወጣ ነው ሐሳቧ።

ስብሰባው እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። የቀረች ሴት ከኅብረት ሱቅ የስኳር ተራዋን ታጣለች ስለተባለ ያልመጣ አልነበረም። ጓድ ገሠሠ እጁን አንስቶ መፈክሩን አሰማ፣ ሴቶቹም ተከተሉት፣ ከዚያ ሲስተር ተሻለች ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ተነሣች። ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ በዛገ ምላጭ ስለሚቆረጥ እትብት ተናገረች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። እዚያ ላይ ብታቆም ምን ነበረበት! ግን ቀጠለች።

«እናንተ ግን ከብት ናችሁ፤ ከብት እንኳ ሲታመም ሐኪም ቤት ይወሰዳል። በቅቤና በምራቅ እየታሻችሁ ትሞታላችሁ።»

ጓድ ገሠሠ አጨበጨበ። ቀጥሎም በሥርዓቱ መሠረት ጉባኤው ወደ ሂስና ግለ ሂስ እንደሚሸጋገር አስታወቀ። የእሱ ሐሳብ ሴቶቹ እየተነሡ ራሳቸውን እንዲወቅሱ ነበር። በዚያን ዘመን ግን ሂስ ተከፈተ ከተባለ ተከፈተ ነው፤ የሚናገርን ሰው ዝም በል ማለት ራሱ ያስወቅሳል። ጓድ ገሠሠ ይህን ያሰበው ከረፈደ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የተነሣችው የባለሱቁ የደሊል ሚስት ዙህራ ናት። የአራት ልጆች እናት፣ ሰው ፊት ቀና ብላ የማትናገር ሴት ነበረች።

«እኔ ሂስ አለኝ፤ በራሴ ላይ ግን አይደለም» አለች። «ሦስተኛውን እዚያ ስወልድ ሻሽሽን ካላወለቅሽ አልነካሽም አለችኝ። አወለቅሁ። ምጡ ሲበዛብኝ ተንፈራገጥኩ። በሩን ከፍታ ዘበኛውን ‹ና ይቺን ያዝልኝ› ብላ ጠራችው። ወንድ ነው። ራቁቴን ነኝ። አላህ ያየኛል፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በር በኩል አላልፍም፣ ዘበኛው ሰላም ሲለኝ መሬት ዋጪኝ እላለሁ። አራተኛውን ቤቴ ወለድኩ። ደሜ ፈሶ ልሞት ነበር። ብሞትም ይሻለኛል ብዬ ነው።»

 ከዚያ አንዷ ተነሣች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያ እጅ የሚያወጣም ጠፋ፤ ከየወንበሩ ይወረወር ጀመር። «ይህን ሆድ ያሳበጠልሽ ያዋልድሽ ብላኛለች!» «ትሸቻለሽ አለችኝ፣ ከበቆጂ ድረስ በጭነት መኪና ተጭኜ መጥቼ!» «ልጄ ሞቶ ሲወለድ እያለቀስኩ ‹ሌላ ትወልጂያለሽ፣ አልጋውን ልቀቂ› አለችኝ!» ጓድ ገሠሠ ጠረጴዛውን በቡጢ ቢመታ የሚሰማው አላገኘም።

ሲስተር ተሻለች ቀላች፣ ጠቆረች። ግለ ሂስ አድርጊ ብትባል «ምን አጥፍቼ?» አለች። «ዙህራ፣ ያ ልጅሽ አሁን የት ነው? አንደኛ ክፍል ገብቷል። እኔ ነኝ ያስገባሁት። በማባበል የዳነ ሰው አላውቅም!»

ያኔ ከኋላ በኩል ሸዋወርቅ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች። ሰው ሁሉ ዞረ። ተሻለች ልጄ ልትከራከርልኝ ነው ብላ ተስፋ አደረገች። አዎ፣ ተስፋ አደረገች፤ ሞኝነቷ ያሳዝናል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔም ሂስ አለኝ» አለች ሸዋወርቅ። «ልጅ ሳለሁ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ሥራዬን የምሠራው ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ማባዛት የተማርኩት የሴቶቹን ጩኸትና የእናቴን ስድብ እየሰማሁ ነው። ማታ ቤት ስንገባ ፀጉሬን እያበጠረች ‹የኔ ወለላ› ትለኛለች፤ በዚያው አፏ። ጥፊው ጭናቸው ላይ ሲያርፍ እኔ እርሳሴን እነክስ ነበር። አሁን እዚያ አልጋ ላይ ብወጣ የትኛዋ እንደምትመጣልኝ አላውቅም። አላውቅም፣ ስለዚህ አልሄድም።»

ሲስተር ተሻለች ለዚህ የሚሆን መልስ ነበራት። እግርሽ አብጧል፣ ፈርቼልሻለሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም ማለት ትችል ነበር። እውነቱም እሱ ነው። ግን ያ አፍ አንድ መንገድ ብቻ ለምዷል።

«እንግዲያው ሙቺ!» አለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

አንዲት ሴት «ኧረ በስመ አብ» ብላ አማተበች። ሸዋወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሴቶቹም መፈክሩን ሳይጠብቁ ተከትለዋት ወጡ።

ከዚያን ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ቀን እናትና ልጅ አልተያዩም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሸዋወርቅ ጎረቤት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ፣ ቤቱ ከትናንት ጀምሮ ተቆልፏል፣ መርዳሳም በባቡሩ ድሬዳዋ ሄዷል አለቻት። ሲስተር ተሻለች ጋዋኗን ሳታወልቅ ወጣች። የት እንደምትሄድ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሐዲዱን ተሻግራ ስታልፍ ሴቶች ከየደጃቸው እያዩ ሰላም አላሏትም። እማማ ጉዲቱ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ግቢ አላሉም፤ በሩንም አልለቀቁም።

«ምነው ሲስተር? ቀበሌ ልትወስጂኝ ነው? ነጠላዬን ላንሳ?»

«ልጄን ፈልጌ ነው።»

«ልጅ አለሽ እንዴ? ሙቺ ያልሻት ናት ወይስ ሌላ አለችሽ?»

ተሻለች ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችው። መዋጥ አልለመደችም፤ አነቃት። «እማማ ጉዲቱ» አለች በመጨረሻ፤ እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም። «እዚህ ከሆነች ይንገሩኝ። ይስደቡኝ፣ ይምቱኝ፣ ብቻ ይንገሩኝ። ራሷን አሟታል?»

የአሮጊቷ ፊት ያኔ ተለወጠ። ንዴቱ አልሄደም፤ ከሥሩ የነበረው ፍርሃት ግን ብቅ አለ።

«ምጡ የጀመራት ሊነጋጋ ሲል ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ራሷን ይፈልጣታል። አሁን ደግሞ ዓይኔ ብዥ አለብኝ ትላለች። እኔ ይህን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፣ ዱጉማ፣ እውነቴን ነው፣ ሁለቱም ተንቀጥቅጠው ሞቱ። ሆስፒታል እንሂድ ብላት እናቴን ይጠሩብኛል ብላ እንቢ አለች። አንቺን እንዳልጠራ ደግሞ እኔም አፍ የለኝም። በየትኛው አፌ ልጥራሽ? ያሰርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ከመጋረጃው ኋላ የሸዋወርቅ ድምፅ መጣ። «እማዬ ናት? እንዳትገባ!»

«ልጄ ስሚኝ» አለች ተሻለች ከደጅ ሆና። «ጤና ጣቢያ አይደለም የምወስድሽ። ይህ የእኔም አቅም አይደለም፤ ሆስፒታል መድረስ አለብሽ። አሁኑኑ።»

ምጡ መጥቶ እስኪያልፍ ሸዋወርቅ ጥርሷን ነክሳ ስትቆይ ይሰማል። «እሄዳለሁ» አለች ከዚያ። «አንቺ ግን የምወልድበት ክፍል አትገቢም። እማማ ጉዲቱ አብረውኝ ይገባሉ፣ አንቺ አትገቢም። ማይልኝ።»

«በአባትሽ አፅም።»

«በአባቴ አፅም ምን?»

«በአባትሽ አፅም፣ አልገባም።»

ጋሪ ጠሩ። ሸዋወርቅን መሃል አስተኝተው፣ አሮጊቷ ራሷን ታፋቸው ላይ አድርገው፣ ተሻለች ከባለጋሪው አጠገብ ተቀምጣ «ንዳው! ንዳው!» እያለች ነጎዱ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሲደርሱ ሸዋወርቅ ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ገላዋ እንደ እንጨት ደረቀ፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ተሻለች ወደ ኋላ ዘልላ በጎኗ አዞረቻት፣ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ ጥርሷ መሃል አስገባች። አሮጊቷ «ያ ዋቃ፣ ያ ዋቃ» እያሉ አምላካቸውን ይጠራሉ። መንቀጥቀጡ ሲቆም ሸዋወርቅ አረፋ ደፍቃ ራሷን ስታ ነበር። ትተነፍሳለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ የማዋለጃ ክፍሉን በር የከፈተችው ሙሉብርሃን ናት፤ ተሻለች ራሷ ያሠለጠነቻት አዋላጅ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሌላ በሽተኛ ጋር እንደሆነ ነገረቻት።

«ብቻዬን ነኝ ሲስተር፤ ግፊቷ ሰማይ ነክቷል። እባክዎ ጋዋን ይልበሱና ይግቡ። ባልቴቷ ግን አይገቡም፣ ደንቡን ያውቁታል።»

ተሻለች በሩ ላይ ቆመች። ልጇ ራሷን ስታለች፤ ብትገባ አታውቅም። የማለችበት ደግሞ የሟች አፅም ነው፣ ሟች አይከራከርም። ያስፈራት ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ነቅታ ድምፄን ብትሰማ ትታገላለች፣ ብትታገል እንደገና ትንቀጠቀጣለች አለች በሆዷ። ባትገባ ደግሞ ያቺ ክፍል ውስጥ ያለው እጅ የአንዲት የሁለት ዓመት ሠራተኛ እጅ ብቻ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ የጨነቃት ቀን የለም።

«እሳቸው ይገባሉ» አለች። «እሳቸው ካልገቡ እኔም አልገባም። ሁለተኛ፣ ስሜን እንዳትጠሪ። እዚያ ውስጥ የእኔ ድምፅ አይሰማም። የምጠይቅሽን በእጄ አሳይሻለሁ።»

ጭንብል አደረገች፣ የላስቲክ ጓንቷን አጠለቀች፣ ገባች። መርፌውን ራሷ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰቀለች፣ ግፊቷን በየአምስት ደቂቃው ለካች። አንድ ቃል ሳይወጣት። እማማ ጉዲቱ ከራስጌ ቆመው ያቺን ያሳሰረቻቸውን ሴት ከእግሯ እስከ ራሷ ያዩዋታል።

ሰባት ሰዓት ላይ ሸዋወርቅ ነቃች። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ግንቡን አንድዶታል።

«መብራት የለም እንዴ?» አለች። «እማማ ጉዲቱ፣ ለምን ጨለማ ውስጥ አስተኛችሁኝ?»

ተሻለች ይህን ዓይነቱን መታወር ታውቃለች። ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል። አይዞሽ፣ ያልፋል፣ የኔ ወለላ ብላ ልትነግራት አፏን ከጭንብሉ ሥር ከፈተች፤ ዘጋችውም። በእጇ ለሙሉብርሃን አመለከተች። ሙሉብርሃን ነገረቻት፤ ልጅቷ ግን እጇን እየዘረጋች አየሩን ትዳስስ ጀመር። ተሻለች ያንን እጅ ያዘችው። ሸዋወርቅ ጨበጠችው፣ ከዚያ በኋላ አልለቀቀችውም።

ምጡ ጠና። ጭንቅላቱ መጥቶ ቆመ። ሸዋወርቅ ደክማ «አልችልም» ስትል ሙሉብርሃን እንደተማረችው «ምን ትልፈሰፈሽብኛለሽ አንቺ!» ብላ ስትጀምር ተሻለች እግሯን ረግጣ አስቆመቻት። እማማ ጉዲቱ ጎንበስ ብለው «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ትንሽ ቀረሽ፣ አብረን እንግፋ» አሏት። አብረው አማጡ፤ አሮጊቷ በድምፃቸው፣ ተሻለች ጥርሷን ነክሳ በዝምታ። ሐኪሙ ሮጦ ደርሶ በመሣሪያ ሳበው። ሴት ናት። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ተሻለች የተያዘ እጇን ሳታስለቅቅ በሌላው ጀርባዋን አሻሸቻት፣ አሻሸቻት፣ ከዚያ ሕፃኗ ክፍሉን በጩኸት ሞላችው። ሐኪሙ ግፊቱን አይቶ «ወርዷል፣ ይቺ ትተርፋለች» አለ።

ተሻለች እንባዋ ጭንብሉን አራሰው። ሊመሽ ነው፣ ልቦናዋ ግን ነግቶለት ነበር፤ ስለ ዙህራ፣ ስለዚያች ከበቆጂ ስለመጣች ሴት አሰበች፣ አፍራ።

«ይቺ ነርስ ማናት?» አለች ሸዋወርቅ፣ ማየት የማይችለው ዓይኗ ጣሪያው ላይ እንደተተከለ። «ቀኑን ሙሉ እጄን ይዛኛለች። እንዲህ ያለች ነርስ አይቼ አላውቅም። ለምን አትናገርም?»

«ዲዳ ናት» አሉ እማማ ጉዲቱ።

ሙሉብርሃን ፊቷን አዞረች።

«እናቴስ?» አለች ሸዋወርቅ። «እማማ ጉዲቱ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እናቴ እዚህ ገብታለች?»

አሮጊቷ ቀና ብለው ተሻለችን አዩዋት።  ሦስቱ የእስር ቀናት በዚያ ዓይን ውስጥ ነበሩ። ተሻለች ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ይንገሯት ትበል አይንገሯት፣ እሷም ለይታ አታውቅም።

«አልገባችም» አሉ።

«ተመስገን» አለች ሸዋወርቅ፤ የያዘችውንም እጅ አምጥታ ጓንቱን ሳመችው።